ኮንትሮባንድ በጠፈር፦ ስለ አስቂኝ የወንጀል ሳይንሳዊ ልቦለድ

አንድ ፊልም፣ የሬዲዮ ድራማ ወይም ሥዕላዊ መጽሔት ተወዳጅ ሲሆን፣ የእርሱኑ ዓለምና የእርሱኑ ገጸ ባሕርያት ይዞ የሚጻፈው ልቦለድ ተጓዳኝ ልቦለድ ሊባል ይችላል። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ደራሲ የሚተርክበትን ዓለም አልፈጠረውም፤ ተከራይቶ ገባበት እንጂ። የገጸ ባሕርያቱ ስም፣ መልክና ጠባይ፣ ማን እንደሚሞትና ማን እንደማይሞት ጭምር አስቀድሞ ተቆርጦ ይሰጠዋል። ኪራዩ ግዴታም አለበት፦ ተከራዩ ሲወጣ ቤቱን እንደነበረ አድርጎ ማስረከብ ይኖርበታል። ለደራሲው የሚቀርለት ወጉን ማሳመር ነው።

ከተጓዳኝ ልቦለዶች መካከል ወንጀልን ወደ ጠፈር አውጥተው እያሳቁ የሚተርኩት የራሳቸው ወገን አላቸው። ዋናው ሰው ዓለምን የሚያድን ጀግና ሳይሆን ዕቃ አሻጋሪ፣ ካዝና ሰባሪ፣ ዕዳ የተቆለለበት፣ መርከቡ መንገድ ላይ የምትበላሽበት ሰው ነው። ሳቁ የሚነሣው ሕግ፣ ኬላና ፈታሽ እጅግ ሩቅ ቦታ ተተክለው ሲታዩ ነው። ኬላና ፈታሽ ደግሞ የባቡርና የጉምሩክ ከተማ ለሆነችው ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይደሉም። ርቀቱም ቢሆን የሚመስለውን ያህል አይደለም፤ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጠፈር ይጀምርበታል የሚባለው ከፍታ ግን 100 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሽቅብ ባይሆን ኖሮ ጠፈር ከጅቡቲ ይቀርብ ነበር።

የተጓዳኝ ልቦለድ ዕድሜ ከሲኒማ ዕድሜ ብዙም አያንስም። «ኪንግ ኮንግ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1933 ለዕይታ ሳይበቃ፣ ዴሎስ ላቭሌስ የጻፈው ልቦለድ በ1932 ገበያ ላይ ውሎ ነበር። «ስታር ዎርስ»ም እንዲሁ ነው፤ ፊልሙ በ1977 ከመታየቱ ስድስት ወር ቀድሞ መጽሐፉ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የታተመው የፊልሙ አዘጋጅ የጆርጅ ሉካስ ስም ሲሆን ብዕሩን የጨበጠው ግን አለን ዲን ፎስተር ነበር። አስቂኙን መንገድ የጠረገው ደግሞ እንግሊዛዊው ዳግላስ አዳምስ ነው። ጋላክሲውን በየመርከቡ በነፃ እየተሳፈሩ ስለሚዞሩ ሰዎች የጻፈው ድራማ በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ ተላለፈ፤ በዓመቱ በ1979 ልቦለድ ሆኖ ታተመ። አዳምስ የተከራየው የራሱን ቤት በመሆኑ እንደፈለገ አፍርሶ ሠራው።

በአዳምስ መጽሐፍ ውስጥ ወንጀልና ሕግ ቦታ ተለዋውጠዋል። አዲሷ መርከብ በምትመረቅበት ዕለት ሪባን ሊቆርጥ የመጣው የጋላክሲው ፕሬዚዳንት ራሱ መርከቧን ሰርቆ ይጠፋል። በአንጻሩ መሬት የምትፈርሰው ፍጹም ሕጋዊ በሆነ መንገድ ነው፤ በላይዋ የጠፈር አውራ ጎዳና ሊያልፍ ተወስኗል። ነዋሪው ቅሬታ ሲያሰማ፣ ፕላኑ በሌላ ኮከብ በሚገኝ ቢሮ ለ50 ዓመት ተለጥፎ እንደቆየና ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ እንዳለፈ ይነገረዋል። ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ቀነ ገደቡ ትናንት ማለቁን ያነበበ ሰው ሁሉ ይህን ቀልድ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በመጽሐፉ ሌባው የሚወደድ፣ ሕግ አክባሪው የሚያስፈራ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት አስቂኝ የጠፈር ወንጀል ታሪኮችም ይህንኑ ውርስ ይዘዋል።

የወንጀል ታሪክ ለተጓዳኝ ልቦለድ የሚመቸው በኪራዩ ውል ምክንያት ነው። ትልቁ ጦርነት፣ የንጉሡ ሞት፣ የልጁና የአባቱ መተዋወቅ የፊልሙ ሀብት ስለሆነ ደራሲው ሊነካው አይፈቀድለትም። አንድ ሌብነት ግን ተጀምሮ የሚያልቅ ሥራ ነው። ዕቃው ይሻገራል ወይም ይያዛል፤ ገንዘቡ ይገኛል፣ ወዲያውም ይጠፋል፤ በመጨረሻው ገጽ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል፤ ቤቱም ሳይጎዳ ለባለቤቱ ይተላለፋል። ብራያን ዴሊ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1980 ስለ «ስታር ዎርስ» ኮንትሮባንዲስት ስለ ሃን ሶሎ የጻፋቸው ሦስት ልቦለዶች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ዴሊ ከፊልሙ ጦርነት ርቆ፣ ኩባንያዎች እንደ መንግሥት በሚያስተዳድሩት የጠፈር ዳርቻ ላይ ባለታሪኩን አሰማራው። ቲሞቲ ዛን በ2013 ያሳተመው «ስካውንድረልስ» ደግሞ ያንኑ ሃን ሶሎን የ11 ሰዎች ቡድን መሪ አድርጎ የአንድ የወንጀል አለቃን ካዝና ያስዘርፈዋል። ዝርፊያው ሌባን መስረቅ በመሆኑ አንባቢ ሳይከፋው ያነባል። «ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው» የሚለው ተረት የዚህን መጽሐፍ ሥነ ምግባር በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።

ዓይነቱን ቀረብ ብሎ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዳን አብኔት መጽሐፍ ጥሩ ናሙና ነው። ርዕሱ ሮኬት ራኩንና ግሩት ጋላክሲውን እንደሚሰርቁ ያውጃል። ሁለቱም ከማርቭል ሥዕላዊ መጽሔቶች የመጡ ናቸው፤ ግሩት በ1960፣ ሮኬት በ1976 ተፈጥረዋል። አብኔት በ2008 ከአንዲ ላኒንግ ጋር ሆኖ የጋላክሲውን ጠባቂዎች ቡድን እንደ አዲስ ሲያዋቅር ሁለቱን በቡድኑ ውስጥ ያስገባ ሰው ስለሆነ፣ ወደ ልቦለዱ የገባው እንደ አሮጌ ተከራይ ቤቱን አውቆ ነው። መጽሐፉ የወጣው ስለ ቡድኑ የተሠራው ፊልም ሲኒማ ቤት በገባበት ሰሞን ነበር።

ራኩን በሰሜን አሜሪካ የሚኖር፣ ዓይኑ ዙሪያ እንደ ሌባ ጭንብል የጠቆረ፣ ጅራቱ ቀለበት በቀለበት የሆነ እንስሳ ነው። ሮኬት የሚናገር፣ ጠመንጃ የሚገጣጥም፣ በቁመቱ ሲቀልዱበት የሚቆጣ ራኩን ነው። ጓደኛው ግሩት የሚራመድ ዛፍ ሲሆን፣ የሚናገረው የራሱን ስም ብቻ ነው። ግሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፤ ሮኬት ይመልስለታል፤ አንባቢው ግሩት ያለውን ከሮኬት መልስ ይገምታል። በስልክ የሚያወራን ሰው አጠገብ ተቀምጦ ወዲያ ማዶ ያለው ምን እንዳለ ማወቅ ማለት ነው። ቀልዱ ቀላል ቢመስልም፣ ሥዕል በሌለበት በጽሑፍ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ሙያ ይጠይቃል።

ተራኪው ሌላ ነው። ታሪኩን የሚነግረው ያየውን ሁሉ እንዲመዘግብ የተሠራ ሮቦት ነው። ጨዋ ነው፤ አንባቢውን በአክብሮት ይጠራል፤ ተኩስ እየተካሄደ ስለ መጠጥ ቤቱ ያብራራል፤ ከዚያም ከነገሩ በመውጣቱ ይቅርታ ይጠይቃል። ሁለቱ ወንበዴዎች መጠጥ ቤት ውስጥ ካገኙት በኋላ ፖሊሱም፣ ወታደሩም፣ ኩባንያውም እንደሚፈልገው ይደርሱበታል። ምክንያቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ምሥጢር ነው፤ እርሱ ራሱ ግን ምን እንደተሸከመ አያውቅም። እዚህ ላይ የወንጀል ልቦለድ የቆየ ብልሃት ተገልብጧል። የሚሻገረው ዕቃ በእግሩ ይሄዳል፣ ይናገራል፣ ታሪኩንም የሚጽፈው እርሱ ነው። ኬላ ላይ «ምን ይዘሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ በእውነት «አላውቅም» የሚል ጭነት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው። የእውነተኛው ጠፈር የወንጀል መዝገብ ሲገለጥ ግን ከልቦለዱ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1965 «ጀሚኒ 3» ስትመጥቅ ጠፈርተኛው ጆን ያንግ በልብሱ ኪስ የበሬ ሥጋ ሳንድዊች ደብቆ ገባ። ሳንድዊቹ የተገዛው በማምጠቂያው አካባቢ ካለ ምግብ ቤት ነበር። ያንግ አውጥቶ ለባልደረባው ለገስ ግሪሰም ሰጠው፤ ግሪሰም አንዴ ገመጠ። ዳቦው ፍርፋሪ ሆኖ ክብደት በሌለበት ክፍል ውስጥ መብረር ሲጀምር መልሶ ኪሱ ከተተው። ነገሩ በዚያ አላበቃም። ፍርፋሪው መሣሪያዎች ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር በሚል ጉዳዩ የአሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ደርሶ፣ የጠፈር ድርጅቱ ኃላፊዎች ስለ አንድ ሳንድዊች ተጠያቂ ሆኑ። የዚህ የጠፈር ኮንትሮባንድ ክብደቱ ከአንድ ቁርስ የማይበልጥ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ጨረቃ ላይ ያረፈው የ«አፖሎ 15» ቡድን ከተፈቀዱት ሌላ 400 ያህል ቴምብር የተለጠፈባቸው ፖስታዎች ሳያስመዘግብ ይዞ ሄዶ ተመለሰ። መቶዎቹ ለአንድ ጀርመናዊ የቴምብር ነጋዴ የሚደርሱ ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ጠፈርተኛ የታሰበው ድርሻ 7 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ነጋዴው መሸጥ ሲጀምር ወሬው ወጣ። ጠፈርተኞቹ ገንዘቡን ቢመልሱም በ1972 ተገሠጹ፤ ሦስቱም ዳግመኛ ወደ ጠፈር አልበረሩም። ታሪኩ ሙሉ የኮንትሮባንድ ሰንሰለት አለው፦ አምጪ፣ ተቀባይ፣ ገዢ፣ ዋጋው ያለ ልክ የሚንር ቀላል ዕቃ፣ በመጨረሻም አፉን መግታት ያቃተው ነጋዴ። ከተለመደው የሚለየው ዕቃው ያለፈበት መንገድ በጨረቃ በኩል መሆኑ ብቻ ነው። በ1983 ደግሞ መንግሥት የያዛቸውን ፖስታዎች ለጠፈርተኞቹ መለሰላቸው፤ ይህን መጨረሻ ልቦለድ ጸሐፊ ቢያመጣው «አጋነነ» ይባል ነበር።

በምድር ላይ የተፈጸመ፣ ዕቃው ግን ከጠፈር የመጣ ሌብነትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የጠፈር ማዕከል በልምምድ ላይ የነበሩ ወጣቶች የጨረቃ ድንጋይ የተቀመጠበትን ካዝና ከነድንጋዩ አንሥተው ወሰዱ። ገዢ ሲያፈላልጉ ያቀረቡትን ግብዣ ያየ አንድ ቤልጂየማዊ ድንጋይ ሰብሳቢ ለአሜሪካ ፖሊስ ጠቆመ። የተያዙት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን ነበር፤ የሰው ልጅ ጨረቃን የረገጠበት ዕለት በሚታሰብበት ቀን መሆኑ ነው። ዕቃውን መስረቅ ተችሏል፤ መሸጥ ግን አልተቻለም። ይህም ሌባን ለመያዝ ከፖሊስ ይልቅ ገበያ እንደሚቀድም ያሳያል።

ጠፈር ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ዳኛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱም እንደ ልቦለዱ ጥምዝምዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የጸደቀው የጠፈር ውል፣ አንድን መንኮራኩር በስሙ ያስመዘገበ አገር በመንኮራኩሩና በውስጡ ባለው ሰው ላይ ሥልጣን እንዲኖረው ይደነግጋል። ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ1998 የተፈረመው ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 22 እያንዳንዱ አባል አገር የራሱን ዜጋ እንዲከስ ይፈቅዳል። ጣቢያው መሬትን የሚዞረው በ90 ደቂቃ አንዴ ነው። በውስጡ የተጣላ ሰው ክርክሩ ሳያልቅ በብዙ አገሮች ላይ ያልፋል፤ የትኛውም አገር ግን ከላዬ አለፈ ብሎ ሊከሰው አይችልም። ካናዳ በ2022 የወንጀል ሕጓን አሻሽላ፣ ጠፈርተኛዋ ጨረቃ ላይ የሚፈጽመው ጥፋት ካናዳ ውስጥ እንደተፈጸመ እንዲቆጠር አድርጋለች። ሕጉ ሰውየው ጨረቃ ላይ ሳይደርስ ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል።

የጣቢያው የሕግ ዝግጅት የተፈተነው ከካናዳው ሕግ ቀደም ብሎ በ2019 ሲሆን፣ ፈተናው የጠፈር ውጊያ ወይም ግድያ አልነበረም። ጣቢያው ውስጥ የነበረች አንዲት ጠፈርተኛ በመፋታት ላይ ያለች የትዳር ጓደኛዋን የባንክ ሒሳብ ከፍታ አይታለች ተባለ። የጠፈር የመጀመሪያው ወንጀል እየተባለ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ምርመራው ሲጠናቀቅ ጠፈርተኛዋ ነፃ ስትወጣ፣ ሐሰተኛ ቃል ሰጥታለች ተብላ የተከሰሰችው ከሳሿ ሆነች። ሳንድዊች፣ ፖስታ፣ የባንክ ሒሳብ፦ የጠፈር ወንጀል እስካሁን የመንደር ወንጀል ነው። አስቂኝ ልቦለዶቹም እውነተኛነታቸው እዚህ ላይ ነው። ሰው የቱንም ያህል ርቆ ቢሄድ አመሉን ይዞ እንደሚሄድ አስቀድመው አይተዋል። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» የተባለውም ለሳንድዊቹ ታሪክ የተተረተ ይመስላል።

ድሬዳዋ ለዚህ ዓይነቱ ወግ ቅርብ የሆነችው በአፈጣጠሯ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ሐዲዱ ሜዳውን ይዞ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። መጀመሪያ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» የሚል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ 15 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ ለረዥም ዓመታት የባቡሩ መጨረሻ፣ ከባሕር በባቡር የሚመጣው ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ ድሬዳዋ ነበረች። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ወዲህ መንገዱ በማስመሪያ የተሠመረው ከዚራ፣ ወዲያ ጠባብ መንገዱ የሚጠማዘዘው መጋላ። ባቡር ጣቢያና ጉምሩክ ባለበት ደላላ አለ፤ ደላላ ባለበት ወሬ አለ። ታይዋን የሚባለው ገበያ ስሙን የወሰደው ከሩቅ ምሥራቅ ደሴት መሆኑም ከተማዋ ዓለምን በዕቃ በኩል እንደምታውቅ ይናገራል።

ስለ አሮጌው ባቡር ከሚወሩት ወጎች የኮንትሮባንዱ ወግ ዋናው ነው። ልብስ በልብስ ላይ ደራርባ ለብሳ፣ በሙቀቱ እያላበች፣ ቀጭን ገብታ ወፍራም ሆና የምትወርደው ተሳፋሪ በዚያ ወግ ውስጥ ቋሚ ገጸ ባሕርይ ናት። ፈታሹ ያውቃል፤ እርሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች፤ ሕጉ ግን ሰው ስንት ቀሚስ መልበስ እንዳለበት አይደነግግም። ሃን ሶሎ ጭነቱን መርከቡ ወለል ሥር ሲደብቅ፣ ጆን ያንግ ሳንድዊቹን ኪሱ ሲከት፣ ይህችም ሴት አራተኛውን ቀሚስ ስታጠልቅ ዘዴው አንድ ነው፤ ዕቃውን የሰውነት ወይም የመጓጓዣ አካል ማድረግ። ሳቁም የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው፦ ከባዱ ሕግ ቀላል ዕቃ ፊት ሲቆም ግራ ይገባዋል።

በኢትዮጵያ የሳይንስ ልቦለድ አንባቢን በብዛት የሳበው በይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። መጽሐፉ ሳይንስን፣ ስለላንና የገዳም ምሥጢርን አጣምሮ የሚተርክ ሲሆን ተከታዩ «ራማቶሐራ»ም ወጥቷል። መንፈሱ ግን ቁም ነገር ነው፤ አገር፣ ዕውቀትና ቁጭት ይበዙበታል። ዋዛውን የያዘው በአማርኛ የተሠራ አንድ ፊልም ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው ይህ ፊልም ርዕሱ «ፍርፋሪ» ማለት ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ዓለም አልፋለች፤ ሰማይ ላይ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ የኖረ መንኮራኩር ድንገት መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ጥንዶቹ የሚኖሩት በተተወ የቦውሊንግ ቤት ነው። ካለፈው ሥልጣኔ የተረፉት የፕላስቲክ መጫወቻዎችና የሙዚቃ ሸክላዎች እንደ ቅርስ ይከበራሉ፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስም በጸሎት ይጠራል። አንድ ነጋዴ ደግሞ እነዚህን ዕቃዎች ተቀብሎ እያገላበጠ፣ ፈጽሞ ያልሆነ ታሪክ እየነገረ ዋጋ ይቆርጥላቸዋል። በዚያ ዓለም መንግሥትም ጉምሩክም ጠፍተዋል፤ የተረፉት ዕቃውና ነጋዴው ናቸው።

በአማርኛ አስቂኝ የጠፈር ወንጀል ልቦለድ ለሚጽፍ ሰው መሣሪያው ከሩቅ አይመጣም። በተረቱ ውስጥ ጦጣ ትልልቆቹን አራዊት ስታታልል ኖራለች፤ ሮኬት ራኩን የእርሷ የሩቅ ዘመድ ነው። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብም ከአንድ ፕላኔት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ባለሥልጣን ነኝ የሚል አጭበርባሪ ለመሆን አንድ መንኮራኩር ብቻ ይጎድለዋል። ተጓዳኝ ልቦለድ የሚጠይቀው ሌላው ነገር የሚከራይ ዓለም ነው፤ እርሱም ቢሆን አለ። የያንሶ ፊልም ነጋዴ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሟል፤ ዕቃዎቹ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንዳሻገራቸው፣ በመንገድ ላይ ስንት ኬላ እንዳለፉ ፊልሙ አልተናገረም። ያልተነገረው ጉዞ ቢጻፍ የፊልሙን ታሪክ አይነካም፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ዕቃው ነጋዴው እጅ ይገባል፤ ቤቱም እንደነበረ ለባለቤቱ ይመለሳል።